በአሲድ በተበላ ጥርስ ላይ የተሠራ ሙሌት ለምን ቶሎ ይወልቃል?

ጀማሪ ሐኪም

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ምክራችሁን የምሻበት አንድ ጉዳይ አለኝ። በትል ተበልቶ በተቦረቦረ ጥርስ ላይ የምሠራው የኮምፖዚት (በብርሃን የሚጠነክር፣ የጥርስ ቀለም ያለው መሙያ) ሙሌት በአብዛኛው ጸንቶ ይቆያል። በአሲድ ታጥቦ በሳሳ ጥርስ ላይ ስሠራው ግን፣ ዕቃውም አሠራሩም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሳይቆይ እንዳለ ወልቆ ታካሚው በወረቀት ጠቅልሎ ይዞልኝ ይመጣል።

አሁን የማክማት ታካሚ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ በላንቃ በኩል ተበልተው ከኢናሜሉ (ከጥርሱ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን) ሥር ያለው ቢጫው ዴንቲን ተገልጧል። ገጹ ልሙጥ ነው፤ ጥርሱ ከውስጥ በኩል የነበረው ቅርጽ ጠፍቷል፤ ድዱን ተከትሎ ብቻ ቀጭን የኢናሜል ጠርዝ ቀርቷል። መንጋጋዎቿ ላይ ከዓመታት በፊት የተሞሉት ሙሌቶች ደግሞ ዙሪያቸው ያለው ጥርስ ስላለቀ ከጥርሱ በላይ ከፍ ብለው ይታያሉ።

የምከተለው መንገድ የተለመደው ነው፦ 37 በመቶ ፎስፎሪክ አሲድ ለ15 ሰከንድ ቀብቼ አጥባለሁ፤ ውሃውን በመጠኑ አነሣለሁ፤ ማጣበቂያውን ቀብቼ በብርሃን አጠነክራለሁ፤ ከዚያም ኮምፖዚቱን በየንብርብሩ እሠራለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሲዱን ረዘም ላለ ጊዜ እንዳቆየው ይመክረኛል፤ ሌላው ደግሞ ኮምፖዚቱን ትቼ በግላስ አዮኖመር (ከመስታወት ዱቄትና ከአሲድ በሚሠራ መሙያ) እንድሠራ ይነግረኛል። ችግሩ ከማጣበቂያው ነው ወይስ ከጥርሱ? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።


እድሳት

ዶክተር፣ ጥያቄዎ በደንብ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የሰለጠንበት ማጣበቂያ የተሞከረው በጤናማ ወይም በተቦረቦረ ጥርስ ላይ ነው። መልሱን ለማግኘት ኢናሜሉንና ዴንቲኑን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ለአሲድ የሚሰጡት ምላሽ ፈጽሞ የተለያየ ነውና።

ኢናሜል በክብደቱ 96 በመቶ ገደማ ማዕድን ነው። አሲድ ሲበላው ላይኛው ገጹ በጥቂት ማይክሮሜትር ጥልቀት ይላላል፣ ቀስ በቀስም እየታጠበ ይሄዳል። እኛ ፎስፎሪክ አሲድ ስንቀባበት ያንን የላላ ሽፋን ጠርገን አዲስ ሸካራ ገጽ እንፈጥራለን። ማይክል ቦኖኮሬ እ.ኤ.አ. በ1955 ኢናሜልን በፎስፎሪክ አሲድ አሸክሮ ሬዚን (ፈሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ዕቃ) ማጣበቅ እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ የምንሠራበት መርሕ በተበላ ኢናሜል ላይም አይከሽፍም። ስለዚህ ያ ድዱ አጠገብ የቀረ ቀጭን ጠርዝ ትልቅ ሀብትዎ ነው። አንዳች ሳይቆርጡ ያቆዩት፤ ሙሌቱም እስከ እሱ ድረስ ይድረስ።

ጭንቁ ያለው ዴንቲኑ ላይ ነው። ዴንቲን በክብደቱ 70 በመቶ ገደማ ማዕድን፣ 20 በመቶ ገደማ በዋናነት ኮላጅን (ክር መሰል ፕሮቲን) የሆነ ኦርጋኒክ ክፍል፣ ቀሪው ውሃ ነው። አሲድ ሲደጋገምበት ማዕድኑ ይወጣና የኮላጅኑ መረብ ያለ ድጋፍ ይቀራል። ኖቡኦ ናካባያሺና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 እንዳሳዩት፣ ማጣበቂያችን ዴንቲንን የሚይዘው ሬዚኑ በዚህ መረብ ውስጥ ሰርጎ ገብቶ እዚያው ሲጠነክርና ድቅል ሽፋን ሲፈጠር ነው። ሬዚኑ እስከ መረቡ ግርጌ መድረስ አለበት። በአሲድ በተበላ ጥርስ ላይ ግን መረቡ ገና እርስዎ ሥራ ሳይጀምሩ የተራቆተ፣ ከፊሉም የተበጣጠሰና የረገበ ነው። በዚያ ላይ ፎስፎሪክ አሲድ ሲጨምሩበት የተራቆተው ክፍል የባሰ ይጠልቃል፤ ሬዚኑ ላይኛውን ክፍል ብቻ ይይዝና ከሥሩ ውሃ ያዘለ፣ ማዕድንም ሬዚንም የሌለው ክፍተት ይተዋል። በሚረግፍ ግድግዳ ላይ ቀለም እንደ መቀባት ነው፤ ቀለሙ ግድግዳውን ሳይለቅ ግድግዳው ራሱ ከነቀለሙ ይረግፋል።

ስለዚህ አሲዱን አቆይ ያልዎት ባልደረባዎ ምክር፣ ለኢናሜሉ ብዙም ባይጎዳም፣ ለዴንቲኑ በትክክል የማይፈለገው ነገር ነው። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። የተበላውን የዴንቲን ገጽ በደቃቅ የአልማዝ መሰርሰሪያ ወይም በአሉሚና (ጠንካራ ደቃቅ ዱቄት) ርጭት በጣም በስሱ አነሣለሁ፤ ዓላማው ቅርጽ ማውጣት ሳይሆን ማዕድን ያለበት ዴንቲን ላይ መድረስ ብቻ ነው። ከዚያ የፎስፎሪክ አሲዱን ጄል በኢናሜሉ ጠርዝ ላይ ብቻ አደርጋለሁ፣ ወደ ዴንቲኑ እንዳይፈስም እጠነቀቃለሁ። ለዴንቲኑ 10-ኤምዲፒ የተባለው ሞኖመር (የሬዚን መሠረታዊ ሞለኪውል) ያለበት፣ አሲድነቱ ለዘብ ያለ ሰልፍ ኤች (አሲዱ በውስጡ ያለ፣ የማይታጠብ) ማጣበቂያ እጠቀማለሁ። ይህ ሞኖመር በጥርሱ ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር በኬሚካል ይያያዛል፤ የሚፈጥረውም ጨው በውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ነገር ግን ካልሲየም ከሌለ የሚይዘው ነገር የለም። ገጹን በስሱ ማንሣት አስፈላጊ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።


ናሙና ሞካሪ

እድሳት በጻፉት በአብዛኛው እስማማለሁ። የማጣበቂያ ጥንካሬ በላቦራቶሪ የምሞክር እንደመሆኔ፣ ውጤቶቹ እንዴት እንደሚገኙ ማወቅ ለሐኪሙም ይጠቅማል ብዬ አንድ ነገር ልጨምር።

ብዙውን ጊዜ የምንሠራው በተነቀሉ ጤናማ የሰው መንጋጋዎች ነው። ጥርሱን ቆርጠን ዴንቲኑን እንገልጣለን፤ በሲትሪክ አሲድ፣ የጨጓራ አሲድን ለመምሰል ከፈለግን ደግሞ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ደጋግመን እንነክረዋለን፤ በየመካከሉ ሰው ሠራሽ ምራቅ ውስጥ እናቆየዋለን። ከዚያ ማጣበቂያና ኮምፖዚት ሠርተን፣ ጥርሱን 1 ካሬ ሚሊሜትር ያህል መስቀለኛ ስፋት ባላቸው ቀጫጭን ዘንጎች ቆርጠን እስኪበጠሱ ድረስ በማሽን እንስባቸዋለን። በዚህ መንገድ ሲታይ አቅጣጫው ግልጽ ነው፦ በተበላ ኢናሜል ላይ ጥንካሬው ከጤናማው እምብዛም አይርቅም፤ በተበላ ዴንቲን ላይ ግን ይቀንሳል። ቅነሳው ኤች ኤንድ ሪንስ በሚባሉትም (መጀመሪያ አሲድ ተቀብቶ ከታጠበ በኋላ በሚቀቡት) በሰልፍ ኤች ማጣበቂያዎችም ይታያል፤ መጠኑ ነው የሚለያየው።

ሁለት ነገሮች ግን መረሳት የለባቸውም። አንደኛው፣ በላቦራቶሪ በቀናት ውስጥ የተበላ ዴንቲንና በሰው አፍ ውስጥ በዓመታት የተበላ ዴንቲን አንድ አይደሉም። በአፍ ውስጥ ጥርሱ ራሱን ለመከላከል ጥቃቅን ቱቦዎቹን በማዕድን ይደፍናል፤ ምግብና ብሩሽም የላላውን ገጽ በየጊዜው ይፍቁታል። አንዳንዴ እርስዎ ፊት የሚቀርበው የረገበ ኮላጅን ሳይሆን ጠንካራ፣ የሚያብረቀርቅና ቱቦዎቹ የተዘጉ ዴንቲን ነው፤ እሱም በራሱ ምክንያት ሬዚንን አያስገባም። ሁለተኛው፣ በማግስቱ የሚለካ ጥንካሬና በውሃ ውስጥ ወራት ከቆየ ወይም በ5 እና በ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል በሺዎች ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ የሚለካ ጥንካሬ ይለያያሉ። በዕቃው ማሸጊያ ላይ አንድ ትልቅ ቁጥር ተጽፎ ሲያዩ፣ በምን ዓይነት ዴንቲን ላይ፣ ከምን ያህል ጊዜ በኋላ እንደተለካ ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ በጤናማ ዴንቲን ላይ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተለካ ነው።


ቃር ያስቸገረው

ይቅርታ፣ እኔ ሐኪም ሳልሆን ታካሚ ነኝ፤ ነገር ግን የምታወሩት ስለ እኔ ጥርስ ይመስለኛል። ለብዙ ዓመታት በተለይ ሌሊት ቃር ያቃጥለኛል፤ ጠዋት አፌ ኮምጥጦ እነቃለሁ። የፊት ጥርሶቼ ከውስጥ በኩል ስለሳሱ ተሞልተውልኝ ነበር፤ አንዱ ወልቋል፣ የሌላው ጠርዝ ተነሥቶ ምላሴን ይከረክረዋል። ሐኪሙ እንደገና እንሥራው ብሎኛል። እኔ የምጠይቀው፣ መጀመሪያ ጨጓራዬን ልታከም ወይስ ጥርሴን ላሠራ? ደግሞስ ፍሎራይድ ይለቃል የሚባለው ግላስ አዮኖመር ለእኔ ዓይነቱ አይሻልም?


አንጋፋ ሐኪም

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የመድረኩን ጉዳይ መሠረቱ ላይ አስቀመጠው፤ እኛ ስለ ማጣበቂያ ስንከራከር አሲዱ ከየት እንደሚመጣ እንዳንዘነጋ አድርገውናልና።

ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው የአፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ ነው፤ ዴንቲን ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ6 በላይ ባለ ፒኤች ላይ ሳለ ይጀምራል። ከጨጓራ የሚመጣው ፈሳሽ ፒኤቹ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ነው። ሌሊት ደግሞ ምራቅ በእጅጉ ስለሚቀንስ አሲዱን የሚያጥብና የሚያበርድ ነገር የለም። በዚህ ሁኔታ ሙሌቱ የቱንም ያህል ቢጣበቅ ዙሪያው ያለው ጥርስ መታጠቡን ይቀጥላል። ጀማሪው ሐኪም ከጥርሱ በላይ ከፍ ብለው ቆመዋል ያላቸው አሮጌ ሙሌቶች የዚህ ምልክት ናቸው። ስለዚህ የጨጓራ ሐኪም ዘንድ መሄድዎን ለነገ አያሳድሩት። ከጥርስ ሥራው ጋር ጎን ለጎን ቢሄድ ግን ነውር የለውም፤ የተገለጠ ዴንቲን ሳይሸፈን በቆየ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ጊዜ ካስፈለገ ሐኪምዎ ማጣበቂያውን ብቻ በስሱ ቀብቶ ገጹን ለጥቂት ወራት ሊጋርደው ይችላል። አሲድ ወደ አፍ በመጣ ቁጥር ደግሞ ወዲያው ብሩሽ አያንሡ፤ በውሃ ወይም ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይጉመጥመጡ።

ስለ ግላስ አዮኖመር የሰሙት ከፊሉ እውነት ነው። ዊልሰንና ኬንት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቁት ይህ ዕቃ ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በቀጥታ ይያያዛል፣ ፍሎራይድም ይለቃል፣ እርጥበትንም ከኮምፖዚት በተሻለ ይታገሣል። ነገር ግን እሱ ራሱ በአሲድ ይበላል። የጨጓራ አሲድ በሚመላለስበት የላንቃ ገጽ ላይ ከተሠራ በጊዜ ብዛት ይሸካከራል፣ ይሳሳል፣ ቅርጹንም ያጣል። ሬዚን የተጨመረበት ዓይነት ሻል ይላል፣ ኮምፖዚት ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ ይቋቋማል። እኔ ግላስ አዮኖመርን የምጠቀመው ከድዱ አጠገብ ባለ የጥርስ አንገት ላይ ወይም ለጊዜው መሸፈኛ ነው፤ ሲበላም እተካዋለሁ።

እድሳት የጻፉትን ግን በአንድ ነገር አልስማማበትም። ግማሽ አካሉን ያጣ ጥርስ ላይ መሰርሰሪያ ማንሣት አይዋጥልኝም። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረው ሁሉ ውድ ነው። በፐሚስ (በደቃቅ ማሻ ዱቄት) አሽቶ ማጽዳት ለምን አይበቃም?


እድሳት

አንጋፋው፣ ስጋትዎን አከብራለሁ፤ እኔም ጥርስ መቁረጥ የምወድ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን የምናገረው ስለ ጥቂት አስር ማይክሮሜትር ነው፤ ያውም ባይነሣም በብሩሽና በምግብ ታሽቶ የሚሄድ ሽፋን። ሙሌቱ ወልቆ እንደገና ሲሠራ፣ የቀረውንም ማጣበቂያ ጠርጎ ለማጽዳት ሲባል የሚጠፋው ጥርስ ከዚህ ይበልጣል። ፐሚስ ምራቅና ቆሻሻ ያነሣል፤ ማዕድኑ የወጣለትን ኮላጅን ግን በበቂ ሁኔታ ሲያነሣ አላየሁም።

በአንድ ነገር ግን እርስዎ ትክክል ነዎት፤ በሁሉም ጥርስ ላይ አንድ ዓይነት ሥራ መሥራት አይገባም። ገጹን አድርቆ በማጉያ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። ደብዘዝ ያለ ከሆነና ደቃቅ መሣሪያ ሲነካው ለስላሳነት ካለው፣ አሲዱ አሁንም በሥራ ላይ ነው፤ የላላው ሽፋን መነሣት አለበት። የሚያብረቀርቅ፣ ጠንካራ፣ አንዳንዴም ቡናማ ቀለም የያዘ ከሆነ መበላቱ ቆሟል ማለት ነው፤ ያኔ ዓላማው የተዘጋውን ልሙጥ ገጽ ማሸከር ብቻ ስለሆነ አሉሚና መርጨት ይበቃል።


ጀማሪ ሐኪም

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ክሎረሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) መቀባት የማጣበቂያውን ዕድሜ ያረዝማል ሲባል እሰማለሁ። ኮላጅኑ ችግር ከሆነስ በሶዲየም ሃይፖክሎራይት (በረኪና) ሙሉ በሙሉ ማስወገድ አይሻልም?


ናሙና ሞካሪ

ዴንቲን በውስጡ ኮላጅንን የሚቆራርጡ፣ ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉት። ማዕድን እስካለ ድረስ ታስረው ይቀመጣሉ፤ አሲድ ማዕድኑን ሲያወጣው ይፈታሉ። ሬዚን ያልሸፈነው ኮላጅን በጊዜ ብዛት የሚበላው በእነዚህ ነው። 2 በመቶ ክሎረሄክሲዲን እነሱን ይገታል፤ በላቦራቶሪም ጥንካሬው የሚቀንስበትን ፍጥነት ሲያዘገይ ይታያል። ሆኖም የመጀመሪያውን ጥንካሬ አይጨምርም፤ ራሱም ከጊዜ በኋላ ታጥቦ ስለሚወጣ ጥበቃው ዘላለማዊ አይደለም። አሠራሩ ካልተስተካከለ ክሎረሄክሲዲን አያድነውም።

ሃይፖክሎራይቱ ላይ ጠንቃቃ ነኝ። ኮላጅኑን ያሟሟል፣ ሐሳቡም ምክንያታዊ ነው። ነገር ግን በገጹ ላይ የሚተወው ኦክሲጅን የሬዚኑን መጠንከር ያውካል፤ ያንን ለማስተካከል አንቲኦክሲዳንት መቀባት ያስፈልጋል፤ ውጤቱም ከማጣበቂያ ማጣበቂያ ይለያያል። በወንበር ላይ ታካሚ ይዞ ይህን ሁሉ ደረጃ ከመጨመር በስሱ ማንሣቱ ቀላልም እርግጠኛም ነው።


እድሳት

ዶክተር፣ ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ታካሚዋ የወለቀውን ሙሌት ይዛ ከመጣች አይጣሉት፤ ገልብጠው ጀርባውን በማጉያ ይዩት። ጀርባው ልሙጥና አንጸባራቂ፣ ጥርሱም ላይ ምንም ኮምፖዚት ያልቀረበት ከሆነ፣ መለያየቱ የተከሰተው ማጣበቂያውና ዴንቲኑ በተገናኙበት ነው፤ እስካሁን የተነጋገርነው ሁሉ ይመለከትዎታል። ሙሌቱ መሐል ለመሐል ተሰብሮ ከፊሉ ጥርሱ ላይ ከቀረ ግን ማጣበቂያው ሥራውን ሠርቷል፤ ችግሩ ውፍረቱና ንክሻው ነው።

ይህ ሁለተኛው ከምንገምተው በላይ ያጋጥማል። የላይኛው የፊት ጥርስ በላንቃ በኩል ሲሳሳ የታችኛው ጥርስ ተከትሎት ይወጣና ክፍተቱን ይይዘዋል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚሠራበት ቦታ ያጣና ስስ ኮምፖዚት ይለጥፋል፤ እሱም በእያንዳንዱ ንክሻ ይጎብጣል፣ ጠርዙ ይነሣል፣ ይሰበራል። ዳልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳዩት መንገድ እዚህ ላይ ይረዳል፦ የፊቶቹን ጥርሶች በሚበቃ ውፍረት ሠርቶ ንክሻው ለጊዜው በእነሱ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ማድረግ። የኋላዎቹ ጥርሶች መጀመሪያ አይገናኙም፤ በወራት ውስጥ ግን እየወጡ፣ የፊቶቹም በመጠኑ እየገቡ፣ ሁሉም ተመልሰው ይነካካሉ። ታካሚው ይህን አስቀድሞ ካልተነገረው ይደነግጣል፤ ማኘክ እንደሚቸግረውና አነጋገሩም ለጥቂት ጊዜ እንደሚለወጥ በግልጽ ይንገሩት።


ቃር ያስቸገረው

የእኔው ሙሌት እንዳለ ነው የወለቀው፤ አስቀምጬዋለሁ። ጀርባው እንዳሉት ልሙጥ ነው። ለሐኪሜ አሳየዋለሁ፤ ጨጓራዬን ለመታየትም ቀጠሮ እይዛለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።


ጀማሪ ሐኪም

የታካሚዬንም አሁን አየሁት፤ ጀርባው ልሙጥ ነው፣ አንድ ጥግ ላይ ብቻ፣ የኢናሜሉ ጠርዝ በነበረበት በኩል፣ ተሰብሮ ጥርሱ ላይ ቀርቷል። በኢናሜሉ በኩል ይዞ በዴንቲኑ በኩል ለቋል ማለት ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ በረበር ዳም (ምራቅ በሚከለክል የጎማ ሽፋን) አግልዬ፣ ገጹን በስሱ አንሥቼ፣ አሲዱን በጠርዙ ላይ ብቻ አድርጌ እሠራዋለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሰልፍ ኤች ማጣበቂያውን ከመቀባቴ በፊት ዴንቲኑ ምን ያህል መድረቅ አለበት?


እድሳት

በአየር ኃይል አያድርቁት፤ ድጋፍ ያጣ ኮላጅን ሲደርቅ ይተኛና ሬዚኑን አያስገባም። የሚታየውን ውሃ በጥጥ ወይም በለዘብተኛ አየር አንሥተው፣ ገጹ ትንሽ ወዝ እያለው ይተዉት። ማጣበቂያውን ቀብተው ዝም ብለው አይጠብቁ፤ በብሩሹ ጫፍ ለ20 ሰከንድ ያህል እያሹ ያስርጉት፣ የዕቃው መመሪያ ከዚያ በላይ ካዘዘም መመሪያውን ይከተሉ። ከዚያ ፈሳሹ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ድረስ በለዘብተኛ አየር ይንፉት፤ ሟሚው ሳይተን በብርሃን ከተመታ ሽፋኑ ውስጡ ውሃ ይዞ ይጠነክራል። ሲጨርሱ ንክሻዋን በወረቀት ፈትሸው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ጠርተው ጠርዙን ይመልከቱት።